ብቻዬን፣ ከነአጃቢዎቼ

በእኛ ሰው ዘንድ አንድ ትልቅ ሰው ብስክሌት ላይ ከታየ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ተቀምቷል፣ መኪናው ተበላሽቷል፣ ወይ ደግሞ ጭንቅላቱን ነክቶታል። ሴት ከሆነች አራተኛ ይጨመርላታል፤ "ምን ጎድሏት ነው?" ይባላል። እኔ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብስክሌት መንዳት የጀመርኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ስለሆነ አራቱንም በየተራ ተቀብያለሁ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ በዝናብ ስነዳ አየችኝና መኪናዋን አቁማ፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ "የኔ እህት፣ ተቸግረሽ ከሆነ ለምን አትነግሪንም?" አለችኝ። ከልቧ ነው። በሳምንቱ ሌላ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል" አለኝ። የቱ እንደሚያልፍ አልጠየቅኩትም።

የታላቅ ወንድሜ ግን ከሁሉም ይብሳል። ጋሼ ነው የምላቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጡኛል፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ። ሰውን በአንቱታ መቆጣት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። ደምሽ ፈልቶ፣ አፍሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ ልታፈሺው ስትይ "ምን አገባዎት!" ብለሽ ትጀምሪያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ንዴት ለምንም አይበቃም።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ የኤርፖርት ታክሲ ነድተው ቨርጂኒያ ውስጥ በርክ በምትባል ከተማ ትልቅ ቤት ገዝተዋል። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። አሁን በቤቱ ያሉት እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ ባለቤታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ። ከታች ደግሞ ባዝመንት የሚሉት ምድር ቤት አለ። ለብቻው በር ያለው፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው ባዝመንት ነው፤ የደረሰብኝ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ባሌ አስቀድሞ ሄዷል፤ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ላስ ቬጋስ። ልጄ ካሊፎርኒያ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ደግሞ ቤተሰቡ እኔ በሌለሁበት ተሰብስቦ ስለ እኔ ወሰነ። አፓርታማዬን ለቅቄ ጋሼ ባዝመንት እንድገባ። ምክንያቱ አንድ ቃል ነው፤ "ብቻዋን!" ይህን ቃል የሚናገሩት ክፉ በሽታ እንደሚጠራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። እኔን ሳይጠይቁኝ ግድግዳውን ፒች የሚሉትን የኮክ ቀለም ቀቡት። ወርቃማ መጋረጃ ሰቀሉ። አልጋው ላይ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ትራስ ደረደሩ። በርክ በሄድኩ ቁጥር እትዬ እጄን ይዘው ወደ ታች ያወርዱኝና "ክፍልሽን እይው እስቲ" ይሉኛል። ክፍሌ አንዲት መስኮት አለው። በመስኮቷ የሚታየው የጋሼ መኪና ጎማ ነው።

እስከዚያው ደግሞ ስልክ አለ። ጠዋት ጋሼ ይደውላሉ፤ "አለሽ?" ይላሉ። አለሁ እላለሁ። ክሪስታል ሲቲ ቢሮዬ ገብቼ ኮምፒውተሬን ሳልከፍት እትዬ ይደውላሉ፤ "ቁርስ በልተሻል?" ማታ ጋሼ እንደገና፤ "ገባሽ? በሩን ሎክ አደረግሽው?" እሁድ እሁድ ደግሞ ከሁለቱም ጋር እየተቀባበልኩ የማወራው ከሳምንቱ ሁሉ ይበልጣል። አንድ ቀን ስልኬን ቤት ረስቼ ብወጣ የአፓርታማው ጥበቃ በሬን ሲያንኳኳ ደረስኩ። ጋሼ ልከውት ነው።

ከጋሼ ጋር የተወራረድነው በአንድ የዘመድ ልጅ የምረቃ ድግስ ላይ ነው፤ አሌክሳንድሪያ። ሳህኔን ይዤ ቆሜ እያለ ጋሼ ከጎኔ ላለው ሰው፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "የአፓርታማዋ ሊዝ ኦገስት ላይ ያልቃል። ከዚያ እኛ ጋ ሙቭ ታደርጋለች" አሉ። ሰውየው "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ያቺ "ይመስገን" አቃጠለችኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ብቻዬን መኖር ቀርቶ ብቻዬን ተራራ መሻገር እችላለሁ" አልኩ።

"በሳይክል?" አሉና ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ።

እኔም አፌ አመለጠኝ። ከፍሮንት ሮያል ባሻገር፣ ቨርጂኒያ ተራራው ውስጥ፣ ስሄድበት የማልመው የጫካ መንገድ ነበረኝ፤ ጠጠር ብቻ የሆነ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ በማዶ ወርዶ፣ ሸለቆውን ዞሮ ወደ ተነሣበት የሚመለስ። ያንን መንገድ በአንድ ቀን፣ ብቻዬን፣ ለማንም ሳልደውል፣ የማንም መኪና ውስጥ ሳልገባ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሼ መኪናዬ ጋ ከደረስኩ ባዝመንት የሚባል ነገር ዳግመኛ እንዳይነሣ፤ ካቃተኝ ግን ኦገስት ላይ ትራሶቹ መሀል እንድገባ። በሰው ፊት ተጨባበጥን። ጋሼ እጄን ሳይለቁ፣ "ሁለት ሰዓት ሳይሞላሽ ኮል ታደርጊኛለሽ" አሉ። ቀጥለውም መንገዱን በስልካቸው እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ለምን ብላቸው "ለጸሎት" አሉ። ላክሁላቸው፤ ሞኝ ነኝ።

በቅዳሜው፣ ገና ጤዛው ሳይደርቅ፣ መኪናዬን ከተራራው ሥር ካለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቁሜ ብስክሌቴን አወረድኩ። አስፋልቱ ወዲያው አልቆ ኮረኮንቹ ጀመረ። መንገዱን የሠራው ሰው ድንጋዩን ካራገፈ በኋላ ሊደለድለው ሲል ምሳ ሰዓት ደርሶበት የሄደ ይመስላል። መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሴ ይጋጫል፣ ከኋላ ያሰርኩት ቦርሳ ይንኳኳል። ስልኬ አገልግሎት እንደሌለ ከነገረኝ በኋላ ዝም አለ። ስልኬ ዝም ብሎ አያውቅም።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ዛፍ በግራ፣ ዛፍ በቀኝ፣ ከፊቴ ነጭ ጠጠር። "ከሳሽ" የሚለኝ የለም፤ "ወፈርሽ" የሚለኝም የለም፤ ሁለቱን በአንድ ቀን የሚለኝ ሰውም የለም። ልጅሽ ለምን አላገባችም የሚል የለም። ዳገቱ ሲከብደኝ ወርጄ እገፋለሁ፤ ስገፋ የሚያየኝ የለም፤ የሚያዝንልኝም የለም። ራሴን ጮክ ብዬ "በርቺ!" አልኩት፤ ድምፄ አስደነገጠኝ።

ለብርታት ብዬ በአንዱ ኮዳ ውኃ፣ በሌላው በሶ በጥብጬ ይዣለሁ። ፈረንጁ ለብስክሌተኛ በጣሳ እያሸገ የሚሸጠው ነገር ሁሉ በሶን አያህልም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ዛሬም አልቀየርኩም። ችግሩ የኮዳው አፍ ነው። ዳገቱ መሀል ላይ በሶው ጓጉሎ ደፈነው። አንዴ ጨመቅኩት፣ የለም። ደግሜ ጨመቅኩት፣ የለም። ክዳኑን ወደ ፊቴ አዙሬ ምን እንደሆነ ልመረምር ስጨምቀው ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጣ። ቅንድቤ፣ አፍንጫዬ፣ መነጽሬ በሶ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ጠዋቱን ሙሉ ያላየሁት መኪና የመጣው። አሮጌ ፒክአፕ፣ ጢማም ነጭ ሽማግሌ። ሲያልፈኝ እጁን ከመሪው ላይ ሳያነሣ አንድ ጣቱን ቀጥ አደረገልኝ። ሰደበኝ ብዬ ደሜ ፈላ። ጥቂት ቆይቼ ሳስበው ጣቱ ሌባ ጣት ነበረች፤ ሰላምታ ነው። በሶዬን ጠርጌ ቀጠልኩ።

ከተራራው አናት ማዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ቤት አየሁ። የሰው ቁመት የሚያህል ባንዲራ፣ "አትግባ" የሚል ሰሌዳ፣ ሰሌዳውን የሚያነብ የሚመስል ውሻ። ያ ፒክአፕ ደጁ ላይ ቆሟል። ሽማግሌው ጣቱን ያነሣልኝ ቢሆንም ልቤ ደነገጠ፤ ጥቁር ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ስልክ የለም። ፍሬን ሳልነካ አለፍኩት። ከውሻው ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ውሻው ግን ከመጀመሪያውም አልተነሣም።

ቁልቁለቱን ጨርሼ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። እዚህ ላይ ጉራዬን ልንፋ። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ጎማ መቀየር የሚያስተምሩበት ቦታ ሄጄ ተምሬያለሁ፤ ከእኔ ጋር የተማሩት ሁሉ የልጄ እኩዮች ነበሩ። ብስክሌቱን ገለበጥኩ፣ ጎማውን አወለቅኩ፣ ሾህ መሳዩን ነገር በጣቴ ፈልጌ ነቀልኩ፣ አዲሱን የውስጥ ጎማ አስገባሁ። እጄ ጥቁር ዘይት ሆነ። ማንም አላገዘኝም። ጋሼ ቢያዩኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እንዲህ ያለ ምኞት መመኘት አይገባም ነበር።

ምክንያቱም ነፍቼ ሳልጨርስ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ዞር ብል ከአቧራው ውስጥ አንዲት ነጭ መኪና እየተንፏቀቀች ትመጣለች። ገና አዲስ ናት፤ የመቀመጫዋ ላስቲክ እንኳን አልተነሣም። ከመስታወቱ ላይ መስቀል ተንጠልጥሏል። ማን እንደሆነ ለማወቅ ታርጋ ማየት አላስፈለገኝም። መስኮቱ ዝቅ አለና እትዬ አንገታቸውን አወጡ።

"የኔ አበባ፣ ምሳ በልተሻል?"

"ጋሼ! ምን ያደርጋሉ እዚህ?"

"ለሽርሽር ነው የመጣነው" አሉ ጋሼ፣ ሸሚዛቸው ላይ የሰፈረውን አቧራ እያራገፉ። "አገሩ የጋራ ነው።"

"ተወራርደናል እኮ! ብቻዬን ተባብለናል!"

"ብቻሽን ነሽ። ሳይክሉ ላይ ሌላ ሰው አለ?" አሉ። "እኛ ልንጭንሽ አልመጣንም። ሽኝት ነው።"

ሽኝት። በዚህ ቃል ላይ ምን ይባላል? በእኛ ዘንድ እንግዳ ከቤት ሲወጣ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መኪናው፣ ከመኪናው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይሸኛል። ተዉኝ ማለት ነውር ነው፤ መተውም ነውር ነው። ጋሼ ይህንን ነውር በጫካ ውስጥ ሊጠቀሙበት ከበርክ ድረስ መጥተዋል። ቁርጥ ያለ መልስ ፈለግኩ፤ በአንቱታ ግን አልመጣልኝም። ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ሄድኩ።

ተከተሉኝ። የአደጋ መብራታቸውን እያበሩ፣ ልክ እንደ ሠርግ አጀብ፣ በእግር ፍጥነት። ስቆም ይቆማሉ። ስሄድ ይሄዳሉ። ትንሽ ዳገት ላይ ስደርስ አጠገቤ መጡና እትዬ እስከ ወገባቸው በመስኮት ወጥተው ጥብስ ፍርፍር የጠቀለሉበትን ጉርሻ ዘረጉልኝ።

"እትዬ፣ ዳገት ላይ ነኝ፤ ትንፋሽ የለኝም።"

"በሞቴ!"

በሞቴ ተብሎ ዝም አይባልም። አፌን ከፈትኩ። ጉርሻው የልጅ ቡጢ ያህላል። በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ፔዳሉን እየረገጥኩ ሳላምጥ ሁለተኛውን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። "እጄን አትመልሺው" አሉኝ። ጋሼ ከማዶ፣ "ኮል አታድርጊ፣ መኪና ውስጥ አትግቢ ነው የተባባልነው። ስለ መብላት የተባለ የለም" አሉ። በሕግ በኩል ትክክል ናቸው።

እንዲህ እየተጎራረስን ጅረቱ ጋ ደረስን። ድልድይ የለውም፤ መንገዱ ውኃው ውስጥ ገብቶ በማዶ ይወጣል። ጫማዬን አውልቄ፣ ብስክሌቴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ተሻገርኩ። ከማዶ ሆኜ ጮህኩ።

"ጋሼ፣ እዚህ ይመለሱ! ይህቺ መኪና አትሻገርም!"

"አንቺ ነሽ ለእኔ መንዳት የምታስተምሪኝ?" አሉና ገቡ።

መኪናዋ መሀል ላይ ስትደርስ ሆዷን ድንጋይ መታት፤ ጎማዎቿ ትንሽ ተሽከረከሩና ቆመች። ውኃው በበሩ ሥር መግባት ጀመረ። እትዬ የምግቡን ሳህን ከጭንቅላታቸው በላይ አነሡ። ጋሼ ወርደው ውኃው ውስጥ ቆሙ፤ አዲስ ጫማቸውን እንዳደረጉ። ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉት፤ አወረዱት፤ እንደገና ዘረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ወንዝ መሀል ቆመው፣ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"አየሽ! ብቻሽን ብትሆኚ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?"

ያን ጊዜ በአንቱታ መቆጣት እንደሚቻል አወቅኩ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ከቀረው መንገድ ግማሹን ጨርሼ እንደነበር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እኔን ለመጠበቅ በሚል ገደል ውስጥ ሲገቡ ያወጣኋቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ፒች ቀለም እንደምጠላ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ሳህኑን እንደያዙ፣ "ትክክል ናት" አሉ። ጋሼ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና የመኪናዋን በር ተደገፉ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ትልቅ ሰው ናቸው። እንደዚህ ትልቅ መሆናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። "የማታ መድኃኒቴን ቤት ነው የተውኩት" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ወደፊት ከሄድኩ መኪናዬ ጋ በጊዜ እደርሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚረዳቸው ሰው አግኝቼ እስክመለስ ይመሻል። ወደ ኋላ ከተመለስኩ ያለው ቤት ያ ባንዲራው ቤት ነው፤ ዳገት ነው፣ ውሻ አለው፣ ባዝመንቱም ከነትራሱ እዚያ ዳገት ላይ ይጠብቀኛል። ብስክሌቴን ተሸክሜ መልሼ ተሻገርኩ። ጋሼን ሳልፍ አላየኋቸውም።

ያንን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። የማስታውሰው በሩን ያንኳኳሁት አንድ ዓይኔን ውሻው ላይ አድርጌ መሆኑን ነው። ጢማሙ ሽማግሌ ወጣ። አይቶኝ መጀመሪያ ያለው ነገር፣ "ጠዋት ፊትሽ ላይ የሆነ ነገር ነበር" ነው። ሰዎች ወንዝ ውስጥ መግባታቸውን ነገርኩት። ሰንሰለት አውጥቶ ፒክአፑ ላይ ወረወረና ብስክሌቴን ከኋላ ጭኜ እንድገባ በሩን ከፈተልኝ።

"መግባት አልችልም" አልኩት። "መኪና ውስጥ ላልገባ ከወንድሜ ጋር ተወራርጃለሁ።"

"ወንድምሽ የትኛው ነው?"

"ወንዙ ውስጥ ያለው።"

ትንሽ አሰበና፣ "ታዲያ እዚያው እንተወዋ" አለ። ልቤ ወደደው። ቁልቁለቱን እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ወረድን። ዞር ብዬ ሳይ እሱም የአደጋ መብራቱን አብርቷል። በዚያ ቀን በዚያ ጫካ እኔን ሳያጅብ የቀረ ውሻው ብቻ ነው።

መኪናዋን በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎትቶ አወጣት። ሽልማቱ ምን እንደሆነ ሳትገምቱ አትቀሩም። እትዬ ጠቀለሉለት፤ ሰውየው እጁን ሲዘረጋ "ኖ፣ ኖ፣ ማውዝ!" አሉት። ወደ እኔ አየ። በጭንቅላቴ ምልክት ሰጠሁት። ጢሙን በእጁ ከፈል አድርጎ አፉን ከፈተ። አላምጦ ሲጨርስ ጋሼ ጠየቁት።

"ዩ ሊቭ ሂር አሎን?"

ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን እንደሚኖር ነገራቸው። ጋሼ ያቺን የለመድኳትን የራስ መነቅነቅ ነቀነቁለት። ከዚያ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ "አይ ሃቭ ባዝመንት" አሉት። "ቬሪ ናይስ። ኦውን ዶር።"

የምራቸውን ነው። ሳቅኩ፤ እትዬም ሳቁ፤ ሰውየውም ሳቀና ውሻው እንደማይስማማ ነገራቸው። እኔ ግን ከሳቄ ሥር አንድ ነገር ወጋኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ለእኔ ተቀብቶ የቆየ ክፍል መንገድ ላይ ለተገኘ ጢማም ይሰጣል? ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፤ የማልፈልገውን ክፍል ማን ቢገባበት ምን አገባኝ?

እትዬ መኪናው ውስጥ ግቢ አሉኝ፤ መሽቷል፣ በቃሽ። ጋሼ ናቸው የከለከሉት። "ተያት፤ ትጨርስ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "ፀሐይ አለ ገና" አሉ።

ሄድኩ። ጅረቱን እንደገና ተሻገርኩና ሸለቆውን ያዝኩት። ያን ያህል ፈጥኜ ነድቼ አላውቅም፤ ኮረኮንቹ ቢደበድበኝም አልተሰማኝም። ጥላው ከግራ ተራራ ወርዶ መንገዱን ተሻግሮ በቀኝ ተራራ ላይ ወጣ። የቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ሲታየኝ ፀሐይዋ ጫፉ ላይ ብቻ ቀርታለች። እነጋሼ በመጡበት ተመልሰው፣ በአስፋልቱ ዞረው ቀድመውኛል። ጋሼ መኪናዬን ተደግፈው ቆመዋል፤ በካልሲ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"እሺ" አሉ። "እኔ ቃሌን አላጥፍም። ባዝመንት የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም፤ አለቀ።"

እትዬ እልል አሉ። እኔም ብስክሌቴን ጥዬ ዘለልኩ፤ አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ጋሼ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በሩን ሎክ አድርጊ ሳይሉኝ ሄዱ።

ታሪኩ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳይደርስ ተለውጧል። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሰማሁት፣ እኔ ጫካ ውስጥ ጠፍቼ ጋሼ ወንዝ ተሻግረው እንዳወጡኝ ነው። ድብም አለበት። "እንኳን ለዚህ አበቃሽ" ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ አሜን እያልኩ አለፍኩ። ይወራ፤ እኔ እንደሆንኩ የአፓርታማዬን ሊዝ አድሼ ፈርሜያለሁ።

ጋሼ ግን ቃላቸውን ከሚገባው በላይ ጠበቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ስልኬ አልጮኸም። ገነት ነው አልኩ። ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፤ ቁርሴን የጠየቀኝ የለም። ማታ በሬን ቆልፌ ሶፋዬ ላይ ተንጋለልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ለልጄ ደወልኩና መልሳ እንድትደውልልኝ ነገርኳት። ጮኸ። "ማም፣ ኢት ወርክስ" አለችኝ። ለእትዬ እኔ ደወልኩ። ደህና ናቸው። ሲያወሩኝ በመሀል፣ መጋረጃውን አውርደው ባዝመንቱ ውስጥ የጋሼን የመሮጫ ማሽን እንዳስገቡ ነገሩኝ። ሐኪም አዟቸው ነው። ደግ አደረጉ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ግን ተናደድኩ፤ ማሽን! በእኔ ቦታ ማሽን! ለካ ሲጠሩኝ እንቢ ማለት ነበር የለመድኩት፤ የሚጠራኝ ሲጠፋ ከነእንቢታዬ ቀረሁ። ከፋኝ፤ ሌላ ስም የለውም። ብቻዬን መሆኔ አልነበረም የከፋኝ፤ ብቻዬን መሆኔ ማንንም አለማስጨነቁ ነው።

በሦስተኛው እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ብስክሌቴን አየሁት። ግድግዳ ተደግፏል፤ ጎማውን ጠዋት ነፍቼዋለሁ። ስልኬን አነሣሁ።

"ጋሼ፣ ጎማዬ ተነፈሰ።"

"የት ነሽ?" አሉ። ወንበር ሲገፋ ሰማሁ።

"ስላይጎ ክሪክ፤ መናፈሻው ጋ።"

"ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"እኔ ምን አልኩ! አልነገርኩሽም?" ድምፃቸው ደስ አለው፤ ሰው ይህን ያህል ሲደሰት ሰምቼ አላውቅም። ቁልፍ ሲንሿሿ፣ እትዬን "ምግብ ያዢ!" ሲሉ፣ በር ሲከፈት ሰማሁ። "እንዳትንቀሳቀሺ! መጣሁ!"

ከበርክ እዚህ እስኪደርሱ ጊዜ አለኝ። ብስክሌቴን ይዤ ወደ መናፈሻው ወረድኩ። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ የኋላውን ጎማ ክዳን ፈታሁና የመተንፈሻውን ጫፍ በጥፍሬ ተጫንኩት። በደንብ ነፍቼው ስለነበር አየሩ ቶሎ አልወጣም።